አንድ ሰው ለደቡብ ዋልታ

የወጣት የዋልታ ተመራማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ በአዳማ ሙቀት ከረባቱን እያላላ፣ ስለ በረዶ ሲደሰኩር አረፈደ። በመጨረሻም የምሥራቹን ተናገረ፤ አንድ አባል በመርከብ ደቡብ ዋልታ ሄዶ ዓመት ይከርማል።

«ማን ይሂድ?»

አዳራሹ አቀረቀረ። አንዱ ሠርግ አለብኝ አለ፣ ሌላዋ ሳይነስ።

«እንግዲህ እንደ ልማዳችን ነዋ!» ብሎ ሳቀ ሊቀመንበሩ። «እዚህ የሌለ ሰው ይመረጣል።»

ግን አበል ካለበት ስብሰባ ማን ይቀራል?

ሊቀመንበሩ ይህን እንዳለ ስልኩ ጠራና ሊያነጋግር ወጣ። ሲመለስ ጉባኤው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት።

«በሙሉ ድምፅ መርጠንሃል!» አለችው ጸሐፊዋ።

ለሁለተኛ ዙር ሊቀመንበርነት መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ወገኖቼ፣ ወደምትልኩኝ ሁሉ እሄዳለሁ!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ጸሐፊዋ በዚያ ሙቀት ለተጓዡ የተዘጋጀውን ወፍራም የበረዶ ካፖርት አለበሰችው።