አዲሱ ሥዕል

ሟች አርባው ሲወጣ መልኩ ከየድረ ገጹ እንዲጠፋ ከታዘዘ ወዲህ፣ እኔ የስልክና የታብሌት ጠጋኙ ጋ የሚደወለው «አሮጌው ምስል አልጠፋ አለ» እየተባለ ነው። እትዬ ይርገዱ ግን የደወሉት ደስ ብሏቸው ነበር። ሟቹ ባለቤታቸው ጋሽ ገነነ የሁለቱን ኑሮ በየሳምንቱ እየሳሉ ድረ ገጻቸው ላይ ያወጡ ነበር።

«ጎረቤቶቼ ሥዕሉ ተቀይሯል አሉኝ፤ እኔ ጋ የድሮው ነው የሚመጣው። ሳይሞት ስሎ ያስቀመጠልኝ አዲስ ነገር አለ ማለት ነው» አሉ ቤታቸው ስደርስ ታብሌታቸውን እየሰጡኝ።

ታብሌቱ ጤነኛ ነው። ያስቀመጠውን የድሮ ገጽ እየደጋገመ ያሳያል እንጂ።

«እትዬ፣ ይኼው ይሻልዎታል። አንዴ ከነካሁት አይመለስም።»

«አንተ ደግሞ! እሱ የሳለልኝን ልትከለክለኝ ነው?»

ትእዛዙ ሥዕልንም እንደሚጨምር ልነግራቸው ነበር፤ ደስታቸውን አይቼ ተውኩት። የተቀመጠውን አጥፍቼ ገጹን እንደገና ከፈትኩት።

እትዬ ይርገዱ ጋሽ ገነነን የሚያጎርሱበት ሥዕል መጣ። የጋሽ ገነነ ወንበር ባዶ ነው። የእሳቸው እጅ ግን ጉርሻውን እንደያዘ ወደ ባዶው ወንበር ተዘርግቷል።

«ምነው ልጄ» አሉኝ፣ «እጄንም አብራችሁ ባጠፋችሁት።»