ልጄ አይደለችም

«እናት አላት ይላል» አለ መዝጋቢው፣ ዶሴውን ወደ እኔ አዙሮ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ። «ከሁለተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ፣ በየዓመቱ። የእናት ስም ተሞልቷል፤ ስልክም አለ።»

ስሙ የኔ ነው። ስልኩም የኔ ነው። ጽሑፉ ራሱ የኔ ነው፤ ያቺን የተንጋደደች ፊርማ የትም ቢያስቀምጧት አውቃታለሁ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ሲሉ እሰማ ነበር።

ቀጮ አጠገቤ ቆማለች። ትክክለኛ ስሟ ይህ አይደለም፤ በሦስት ዓመቷ ወደ ማሳደጊያው ስትመጣ አጥንቷ ይቆጠር ስለነበር እኛው ያወጣንላት ነው። እኔ የማሳደጊያው ሞግዚት ነኝ። አሥራ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዱንም አልወለድኩም። ከነሱ መሃል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን በማለፍ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ዩኒቨርሲቲው ወላጅ አጥተው በማሳደጊያ ላደጉ ልጆች መኝታና ምግብ በነጻ ይሰጣል፤ ምዝገባው ግን ዛሬ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ይዘጋል። ይህ ካመለጣት መሄጃ የላትም። አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ ከማሳደጊያው ይወጣል፤ የእሷም አልጋ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ልጅ ተኝቶበታል።

ነገሩን ለመዝጋቢው ከሥሩ ጀምሬ አስረዳሁት። አንደኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ቅጿን ልጆች ፊት ጮክ ብላ አነበበችው፤ እናት፣ የለም፤ አባት፣ የለም። ልጆቹ ሳቁ። ቀጮ ቤት ገብታ ሳምንት ሙሉ አልጋ ሥር ካልተቀመጥኩ አልበላም አለች፤ ሳህኗን ወለሉ ላይ እያንሸራተትኩ ነበር የማበላት። በዓመቱ አዲስ ቅጽ ሲመጣ ክፍት ቦታው ላይ ስሜን ጻፍኩበት። ማንን ይጎዳል ብዬ? ከዚያ ለሁሉም ጻፍኩ። በወረቀት ቢሆን የኔን ያህል የወለደ ሴት አይገኝም፤ ሁለቱን እንዲያውም በአራት ወር ልዩነት ነው የተገላገልኳቸው። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

መዝጋቢው በዚህ ትንሽ ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ወላጅ የላትም የሚለውን የማሳደጊያውን ደብዳቤ አነበበ፣ የትምህርት ቤቱን ዶሴ ደግሞ ገለበጠ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ኮሚቴው ስሟን ከመሰረዝ እንደማይመለስ ነገረኝ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ አንድ ቅጽ አወጣ። አናቱ ላይ ማረጋገጫ ይላል፤ ከሥሩ ባዶ መስመር ነው።

«እዚህ ላይ በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ እናቴ» አለ። «እናቷ እንዳልሆኑ፣ ዝምድናም እንደሌላችሁ።»

«አሳዳጊዋ ነኝ ብልስ?»

«አሳዳጊ ካላት አሳዳጊዋ ትርዳት ይላሉ። ቢተዉት ይሻላል።»

ስሜን ጻፍኩ። የመታወቂያዬን ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደምኩት። ፈተናው ሲቃረብ እንቅልፍ እንዳይጥላት እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፍ ነበር፤ ውኃውን የምቀይርላት እኔ ነበርኩ። ያ ሁሉ ለዚህ ወረቀት ነው? ከኋላችን አንድ አባት የልጁን ፍራሽ ተሸክሞ ቆሟል፤ ቶሎ በሉ እንዳይለን ይሉኝታ ይዞታል። ሴት ልጁ እጁን ይዛ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች።

ቀጮ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«እማ፣ እኔ ልበልልሽ፣ አንቺ ጻፊ» አለችኝ። ለታናናሾቿ ቃለ ጽሕፈት የምታነብበት ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀርባት የሚጠብቅ። «ከዚህች ልጅ ጋር...»

ጻፍኩ።

«...የሥጋም ሆነ ሌላ ዝምድና የለኝም።»

ጻፍኩ።

«ልጄ አይደለችም። አራት ነጥብ።»

አራት ነጥቡንም አደረግኩ። ፈረምኩ። እዚህ ሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ነበር የመጣሁት፤ አለቀስኩ።

መዝጋቢው አነበበው። ደንቡ ሆኖበት ቀና አለና ቀጮን እውነት መሆኑን ጠየቃት።

«እውነት ነው» አለች።

ቶሎ ነው ያለችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ወደ እኔ ግን አልዞረችም። እንዲህ ሳትንተባተብ እንድትለው ስጸልይ ነበር፤ ስትለው ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ማኅተሙ ተመታ። መዝጋቢው የሕንፃና የክፍል ቁጥር ጻፈላት፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ልነሣ ስል በእጁ ይቆዩ አለኝ። የሌሎቹንም ልጆች ቅጽ እንዲሁ ሞልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ስንት እንደሆኑ ጠየቀኝ። እሷ ስትወጣ አሥራ አንድ ይቀሩኛል አልኩት።

«እንግዲያው እነሱ ሲደርሱ እንደ ዛሬው እንዳይጉላሉ» አለ። መሳቢያውን እንደገና ሳበና ጣቱን በምራቁ እያራሰ አሥራ አንድ ቅጽ ለይቶ ሰጠኝ። «ቤትዎ ተረጋግተው ይጻፏቸው። ቀኑን ብቻ ይተዉት።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ቅጾቹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከአሥራ አንዱ የመጨረሻዋ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ አፏን ሳትፈታ የቆየች ልጅ፣ «እማ» ማለት ከጀመረች ሳምንት አልሞላትም።