ውሃ ልክ

«ልክ ነው፤ ቼክ አድርጌዋለሁ አልኩዎት እኮ!» አለ፣ ከጎማው ሥር ጣውላ ሸጉጦ ሲገባ። በፈረንጅ አገር፣ ፓርክዴል በተባለ ሰፈር፣ ሰው ጓሮ የቆመችው ካምፐር የተባለች የመኖሪያ መኪና ቤታቸው ነበረች፤ ፍሪጇ ደግሞ መኪናዋ ትንሽ እንኳ ካዘነበለች አያቀዘቅዝም። «አዲሳባ ሃያ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። ዓይኔ ራሱ ውሃ ልክ ነው።»

አማቱ ፍሪጁን ከፍተው ወለሉ ላይ ዝርግ ሳህን አስቀመጡና ጥቂት ውሃ አፈሰሱበት። ውሃው ወደ በሩ ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ ተጠራቀመ።

«ሳህኑ ነው የተጣመመው።»

ሳህኑን አዞሩት። ውሃው አሁንም ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ የኢንሱሊን ብልቃጣቸውን ከፍሪጁ አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩት። በሐምሌው ሙቀት ሞቆ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ሦስት ቀኑ ነው» አሉ። «ልጄ ፊት እንዳላዋርድህ ብዬ ይህንኑ ስወጋ ሰነበትኩ።»

«ልክ ሆነ?» ብላ ሚስቱ ከውጭ ጮኸች።

አማቱ ዓይናቸውን ከዓይኑ ሳይነቅሉ፣ «ንገራታ!» አሉት።