የተመለሰው ፈቃድ

ጠበቃዋ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «እናቴ» ነበር የሚላት። «እናቴ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ እኔ እቀርባለሁ» አላትና በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቀረ። ልጆቿን ያሳደገችበት ቤት እሷ በሌለችበት ለባላጋራዋ ተፈረደ። ሰነባብታ ጠበቃዋና ባላጋራዋ ተቃቅፈው ከአንድ ምግብ ቤት ሲወጡ በዓይኗ በብረቱ አየች።

ለጠበቆች ዲሲፕሊን ጉባኤ ከሰሰችው። ደጅ ስትጠና ከርማ በመጨረሻ ሰብሳቢው አስጠርቶ አስቀመጣት።

«እማማ፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ሰውየው የጥብቅና ፈቃዱን በገዛ እጁ መልሷል። እኛ የምንቀጣው ጠበቃን ነው፤ እሱ ደግሞ ከእንግዲህ ጠበቃ አይደለም።»

«እኔን እንዲህ ያደረገኝስ?»

«እሱን ለፈጣሪ ይስጡት።»

ደረጃውን ስትወርድ አንድ ነገር አጽናናት፤ ቢያንስ ሌላ ምስኪን አያታልልም። ፍርዱ እንዲነሳላት ያመለከተችበት ችሎትም አዲስ ዳኛ ተሹሞለታል ሲባል ሰምታለች። አዲስ ዳኛ እንባ ያያል ብላ ተስፋ አደረገች።

በቀጠሮዋ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ዳኛው ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እሷም ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች፤ ከፊቷ የቆመው ሰው ጋርዷት ግን ዳኛውን አላየቻቸውም። ስሟ ሲጠራ አንገቷን ደፍታ ወደ ፊት ቀረበች፤ እጅ ነሳች።

ከላይ፣ ከዳኛው ወንበር፣ ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«እናቴ፣ ጠበቃ አለዎት?»