ጥቁር ክብ

«ምንም አልታየኝም» ብላ ጥቁር ክብ ስላ ላስረከበች ተማሪ ከአስር ስንት ይሰጣል?

ውጭ አገር የጀመርኩትን ዲግሪ እዚህ እየጨረስኩ፣ የአንደኛ ዓመት ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ክፍሉ በሙሉ የሽንኩርት ሴልን በአንዲት ማይክሮስኮፕ በየተራ አየ። ከአያልነሽ በቀር ሁሉም አሳምረው ሳሉ።

«ቲቸር፣ ያየሁትን ነው የሳልኩት። በዚህ ኮርስ ከወደቅኩ እባረራለሁ» አለችኝ።

«መነጽር ግዙላት!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

የኮርሱ መምህር ዶክተር መኩሪያ ሥዕሏን ገፋ አደረጉና፣ «ዜሮ ስጣት። ይኼ ሁሉ ልጅ ያየውን እሷ ብቻ እንዴት ታጣዋለች?» አሉኝ።

«እስቲ እርስዎም ይዩት።»

ጎንበስ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ግሩም! ኒውክለሱ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፈረንጅ አገር ማየት አላስተማሩህም እንዴ?»

ሁሉም ሲወጡ ማይክሮስኮፗን ገልብጬ ከፈትኳት። የአምፖሉ ቦታ ባዶ ነው፤ ሸረሪት አድርቶበታል።

ፎቶ አንስቼ ለዶክተሩ በቴሌግራም ላክሁላቸው፤ ከሥሩም፣ «ለአያልነሽ አስር ሰጥቻታለሁ። ለሌሎቹ ስንት ልስጥ?» ብዬ ጻፍኩ።