ቦቢ የተማረው

በርናባስ ውሻውን ቦቢን እንደ አባቱ ማነከስ አስተማረው። «አባባ እንዴት ነው የሚሄደው?» ሲለው ቦቢ አንድ እግሩን እየጎተተ ግቢውን ያቋርጥና የዓሳ ጭንቅላት ይሸለማል። ጎረቤቱ በሳቅ ሲንከተከት በርናባስ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስቃል።

አንድ ቀን አባቱ አቶ ዳልጮ ከኋላው ቆመው አዩ። አልተቆጡም። «እኔም አንድ ነገር አስተምረዋለሁ፣ ልጄ» ብቻ አሉ። ሳምንት ሳይሞላ አረፉ።

በቀብሩ ሦስተኛ ቀን ቦቢ ማንም ሳይጠራው ለቀስተኛው ወደተቀመጠበት ድንኳን ገባ። እግሩን ሳይጎትት መጥቶ በርናባስ ፊት ቆመና አፉን በመዳፉ ሸፈነ። በርናባስ አንገቱን ደፋ።

ቦቢ ማንም ወዳልተቀመጠበት የአቶ ዳልጮ ወንበር ዞሮ አንጋጠጠ፤ አፉን ከፈተ። ከቀብሩ ወዲህ ዓሳ ባልገባበት ግቢ፣ በቦቢ ጥርስ መካከል የዓሳ አጥንት ሲሰበር ድንኳን ሙሉ ሰው ሰማ።