ቤይሩት ደርሶ የመጣ

ልጅቷ ሐሙስ ቤይሩት ልትሄድ ነው፤ ለቤት ሠራተኝነት። ውሉን ፈርማለች፣ የተከራየችውን ክፍልም ለቃለች። የደላላው ወሬ ስላላሳመናት የአገሩን ነገር በትክክል የሚናገር መጽሐፍ ፍለጋ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴው ዘንድ ሄደች።

ነጋዴው መጀመሪያ ባለሥዕል የቤይሩት መጽሐፍ አሳያት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ መለሰችለት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ለመዝናናት ለሚሄዱ ነው። እመቤቲቱ ፓስፖርቴን ብትቀማኝ ባሕሩ ዳርቻ ሄጄ ልዋኝ?»

ሳቀና ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ አወጣላት። «እንግዲያው ይሄን ያዢ። እዚህ ተቀምጦ የሚያወራ እንዳይመስልሽ፤ ቤይሩት ደርሶ የመጣ ነው።»

ገለጠችው፤ ቆንስላው ያለበት መንገድ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል። በር ቢቆለፍባት ምን ማድረግ እንዳለባት የሚናገረው ገጽ ከብዙ መገለጥ ወይቧል። የመጽሐፉ የቀድሞ ባለቤት ነገር የገባት ሴት መሆኗን ስታይ ልቧ ትንሽ አረፈ።

«እሷን ባገኛት ብዙ ታስረዳኝ ነበር» አለች። «ስልኳ አለህ?»

«መጽሐፉን ያመጡልኝ እናቷ ናቸው። ሻንጣዋ ከመጣ ሳምንቱ ነው፤ አስከሬኗን ግን ገና አልላኩላቸውም።»

መጽሐፉን ልትመልስለት ዘረጋች፤ አልተቀበላትም።

«ሌላ የቤይሩት የለህም?»

«ያለኝ ይሄው ነው።»

«ጠቅልልልኝ» አለች።